በሰዓት ስድስት ኪሎሜትር

ባሌ ፌሊሲየን፣ ሃያ ሰባት ዓመት
ባቡር ሲነዳ ነው፣ የኖረው በፍጥነት።
ከፓሪስ እስከ ሊዮን፣ ምድሩን እንደ አንሶላ
ዘርግቶ ሲያጥፈው፣ ሲዘረጋው ኋላ፤
ላም አይቶ አያውቅም፦ ያየው ነጭ ሰረዝ ነው፣
ሰው አይቶ አያውቅም፦ ጥላ ነው የሚያየው።

ጡረታ ሲወጣ፣ ሰዓት ሸለሙት፤
ጊዜ ለተረፈው፣ ጊዜ መቁጠሪያ ሰጡት!
እኔ ግን በድብቅ፣ ገንዘብ አጠራቅሜ
ጀልባ ተከራየሁ፣ በራሴው በስሜ።

«ፎቬት» ይሏታል፤ የወፍ ስም ነው ስሟ፤
ድሮ ከሰል ጫኝ ሳለች፣ ጥቁር ነበር ቀለሟ፤
ዛሬ በሆዷ ውስጥ፣ አልጋ ተነጥፎባት
ጣሪያዋ ላይ ደግሞ፣ ቲማቲም በቅሎባት
እንዳረገዘች ላም፣ ወገቤን እያለች
ቦዩን ሞልታ ይዛ፣ ትንፏቀቃለች።

ከሚዤን ተነሣን፣ ከባቡር ሠፈሩ፤
የአርማንሶን ወንዝ፣ አብሮን ነው ከዳሩ፤
ቦዩ ዝም ይላል፣ ወንዙ ያወራል፤
አንዱ ተቀጥሮ ነው፣ አንዱ እንዳሻው ይኖራል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ፌሊሲየን አበደ፤
ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ወጣ፣ ደሞ ወረደ፤
«እስቲ ትንሽ» አለ፣ «ማፍጠን አይቻልም?»
ኦዲሎን ባለጀልባው፣ መቆጣት አያውቅም፤
«ብንፈጥን» አለው፣ «ዳርቻው ይናዳል፤
ማዕበሉ ሲመታው፣ የዳክዬ ጎጆ ይጎዳል፤
በሰዓት ስድስት ነው፤ ጌታዬ አይቆጡ፤
ከዚህ በላይ ካሻዎ፣ ወርደው ዳር ዳር ይሩጡ።»

እውነትም ወረደ!
ፈረሶች ድሮ ጊዜ፣ ጀልባ በገመድ ሲስቡ
በረገጡት መንገድ፣ ወደፊት ነጎደ።
ቀድሞን የደረሰበት፣ የውኃው በር ግን ዝግ ነው፤
በረኛዋ ሶላንዥ፣ ሹካዋን ይዛ ወጥታ
«ምሳ ነው» አለችው።
ምሳ! በዚህ አገር፣ ጳጳስም ቢመጣ
በር አይከፈትም፣ ሳይበላ ሰላጣ።

ያን ዕለት አንድ ሰዓት፣ አግዳሚው ላይ ቆየ፤
ድመቷ እግሩ ሥር፣ ስትታጠብ አየ፤
ስሟን ጠየቀና (ባሌ፣ የድመት ስም!)
«ሚኑሽ» ናት አሉት፤ እስካሁን አልረሳውም።

ሶላንዥ በልታ ጠግባ፣ ዘንጉን ስታሽከረክር
ውኃው ገባ ከሥር፤
እኛም ከነጀልባችን፣ ከነኩባያችን
ሳንወጣ ወጣን፣ ሳይደክም ጉልበታችን።
ስንለያይ በጋዜጣ ጠቅልላ
ደርዘን እንቁላል ሸጠችልን።

ከዚያ ምን ሆነ? ምንም አልሆነም።
ዝናብ ዘነበ። አባራ።
ሽመላ ባንድ እግሩ ቆሞ፣ አየንና ናቀን።
ኦዲሎን ስለ ሟች ሚስቱ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤
ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የመጣው
በማግስቱ ነው።

በአምስተኛው ቀን ነው፤ ቀትር ሲል ገደማ
ትልቁ ድልድይ ሥር፣ ጉርምርምታ ተሰማ፤
ሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ ከነኩባያዬ፤
አንድ፣ ሁለት ሳይባል፣ አለፈ በላዬ።
ባሌ ቀና ብሎ፣ ሰዓቱን አየና
«የማርሴዩ ነው፤ ዘግይቷል» አለና
ዝም አለ።
ጀልባችን ከድልድዩ ጥላ ለመውጣት
ሌላ ደቂቃ ፈጀባት።
«በዚህ ላይ» አለኝ ቆይቶ፣ «ዐሥር ሺህ ጊዜ ሳልፍ
ከሥር ወንዝ መኖሩን...»
ቃሉን አልጨረሰም፤
እኔም አልጨረስኩለትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሌላው ባቡር ሲመጣ
ቆሞ እጁን አወዛወዘ።
ከዚያ ላይ ሆኖ ማንም እንደማያየው
ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ማታ ቶኔር ደረስን፤ ካንድ ዛፍ ታሰርን፤
ከሶላንዥ እንቁላል፣ የቀሩትን ጣድን።
የሽልማት ሰዓቱን፣ ከክንዱ ፈትቶ
በወይን ጠርሙስ ላይ፣ አስደግፎ፣ አቁሞ
አፍጦ ቆጠረ።
አራት ደቂቃ ተኩል።
አንደኛዋ ግን ጠንክራ ተገኘች፤
እሷን እኔ በላሁ።